ጀልባዋን የምታቆም መኪና

ጀልባዋን ከመኪናው በፊት ገዛኋት። ብዙ ሰው መኪናውን ያስቀድማል። የእኔ ቅደም ተከተል ተገልብጦ መምጣቱ ግን ጠቅሞኛል፤ ለምን እንደሆነ እየቆየሁ እነግራችኋለሁ።

17 ጫማ ርዝመት ያላት የአልሙኒየም ጀልባ ናት። ከኋላዋ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አላት። የምትጫንበት ተሳቢም አብሮ ተሸጠልኝ። ሻጩ መልካም ሰው ነበር። ዙሪያዋን ስዞራት አይቶ፣ "አታስብ፣ 1,050 ፓውንድ ናት፤ የትኛውም መኪና ይጎትታታል" አለኝ። አመንኩት። ያኔ የነበረን መኪና የ2015 ቶዮታ ሲዬና ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ልጆች ካሉበት የሐበሻ ቤት ደጅ የማይጠፋው ሚኒቫን። መመሪያ መጽሐፉ እስከ 3,500 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። 1,050 የዚህን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ማታ ለአባባ ደወልኩላቸው። ኮምቦልቻ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሰውበታል። ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ አሰብ፤ ከዚያ ደግሞ ጭነው ያንን ሁሉ ዳገት ወደ ደጋ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ ኑሯችን እሱ ነበር።

ጀልባ መግዛቴን ስነግራቸው ደስ አላቸው። ልጅ እያለሁ ሐይቅ ወስደውኝ ታንኳ ላይ ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። ክብደቷን ስነግራቸው ግን "በኩንታል ንገረኝ" አሉኝ።

"5 ኩንታል አትሞላም።"

ትንሽ ዝም አሉ። "መዘንካት?"

"ሰውዬው ነው የነገረኝ።"

"ሰውዬው ይሸጣል እንጂ አይጎትትም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልጄ፣ መጎተትማ በሬም ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ከኋላ ሲገፋህ ታቆመዋለህ ወይ? እሱን ነው መጠየቅ።"

የጀልባዋን ፎቶ ካየ ጊዜ ጀምሮ "እኔም አስቤያለሁ፣ ምን መኪና ልግዛ?" የሚለኝ ወዳጅ በዝቷል። ለእያንዳንዱ በስልክ የምነግረውን ነው እዚህ የምጽፈው። ዞሮ ዞሮ የአባባ ጥያቄ ነው።

ሚዛን ፍለጋ ሄድኩ። እዚህ አገር ከባድ መኪናዎች የሚያርፉባቸው ትልልቅ ማደያዎች ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተነጠፈ ሚዛን አለ። ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ማንም ሰው መመዘን ይችላል። ጀልባዋን ለጉዞ እንደምትወጣ አድርጌ ጫንኳት። ቤንዚኗን ሞላሁ፣ ኩለሩን በበረዶ ሞላሁ። አንዴ መኪናዋንና ተሳቢውን አብሬ፣ አንዴ መኪናዋን ብቻዋን መዘንኩና ቀነስኩ። 2,260 ፓውንድ። ከ10 ኩንታል አለፈ። ከተነገረኝ ከእጥፍ በላይ ነው።

ሰውዬው አልዋሸኝም። 1,050 የባዶ ጀልባዋ ክብደት ነው። ፋብሪካው የሚጽፈው እሱን ነው። ሞተሩ 250 ገደማ ይጨምራል። ተሳቢው ራሱ 500 ነው። ቤንዚን በጋሎን 6 ፓውንድ ይመዝናል፤ 18 ጋሎን ሲሞላ 108 ይሆናል። ሁለቱ ባትሪዎች 100። ከዚያ መልህቁ፣ ገመዱ፣ ላይፍ ጃኬቱ፣ የዓሣ ማጥመጃው፣ ትርፍ ጎማው፣ በረዶው። እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ነው፤ ሲደመር ነው የሚከብደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጀልባዋን ክብደት ጠይቆ መኪና ይገዛል። መኪናው የሚጎትተው ግን ጀልባዋን ብቻ አይደለም።

ያን ቀን ሌላም ነገር መዘንኩ። በቀለበት መንገዱ፣ በ495 ላይ ስመጣ፣ ፍጥነት ስጨምር ተሳቢው ጅራቱን ይወዘውዝ ነበር። መሪው እጄ ላይ ይላላል። እግሬን ከቤንዚኑ ሳነሳ ይተዋል። ቤት ስደርስ የመታጠቢያ ቤታችንን ሚዛን አወጣሁና የተሳቢውን ጫፍ፣ ከመኪናው ኋላ ባለችው የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚቀመጠውን ክፍል፣ በእንጨት ደግፌ አሳረፍኩበት። 110 ፓውንድ። ይህ የጠቅላላው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለተሳቢ በአጠቃላይ የሚመከረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ጀልባ ላይ ሞተሩ ከኋላ ስለሚንጠለጠል ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ 5 በመቶ ግን የታችኛው ጠርዝ ነው። ጫፉ ሲቀል ኋላው መኪናውን መንዳት ይጀምራል። ሲበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይሰምጥና ፊቱ ይቀላል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል። ጀልባዋ ፊት ለፊት የምትደገፍበትን ብረት ፈትቼ ወደ ፊት ገፋሁት፣ ባትሪዎቹንና ኩለሩንም ወደ አፍንጫዋ አዛወርኩ። 190 ሆነ። 8 በመቶ አለፈ። መወዛወዙ ቆመ። መኪና አልቀየርኩም፣ አንድ ብር አላወጣሁም።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነበር። ሩት 50ን ይዞ ወደ አናፖሊስ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሲዬናዋ ምንም አልመሰላትም። ጠዋት ጀልባዋን ማውረዱም ቀላል ነበር። ጉዱ የመጣው ማታ ስናወጣት ነው። ውሃው ቀንሷል። ጠዋት ውሃ ውስጥ የነበረው የራምፑ፣ ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት፣ ክፍል ወጥቶ ይታያል፤ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ አረንጓዴ አልጌ ለብሷል።

ጀልባዋን ተሳቢው ላይ አስሬ ማርሽ አስገባሁ። ፊተኛው ጎማ ባዶውን ተሽከረከረ። ትንሽ ቤንዚን ጨመርኩ፤ የጎማ ሽታ መጣ። ከዚያ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። አንድ ክንድ ቢሆን ነው። አንድ ክንድ ግን ውሃ ዳር ብዙ ነው። ፍሬኑን ረግጬ ቀረሁ። ባለቤቴ ሦስቱን ልጆች ይዛ ዳር ቆማለች። ፊቷን በስፖኪዮ አየሁት። እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው ፒክአፑን አዙሮ ገመድ ጣለልኝና ስቦ አወጣን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ይቆጨኛል።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። የእኛ ሲዬና የምትነዳው በፊት ጎማዋ ነው። ተሳቢው ኋላዋን ይጫነዋል። ራምፑ ዳገት ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ያጋድላል። መሬቱን መቆንጠጥ ያለበት ፊተኛው ጎማ ይቀላል። ሞተሩ ጉልበት አላነሰውም፤ ጉልበቱ መሬት አላገኘም። በኋላ ጎማው የሚነዳ ወይም ፎር ዊል የሆነ መኪና እዚያ ቦታ ላይ ይሻላል። እንዲያም ሆኖ የኋላው ጎማ ራሱ እርጥቡ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ስለዚህ ምርጡ ፎር ዊል ነው። ጎማው ካለቀ ግን ፎር ዊሉም አያድንም።

ከዚያ ቀን በኋላ መኪና ፍለጋው ተጀመረ። ጀልባዋ ቀድማ መምጣቷ የጠቀመኝ እዚህ ነው፤ የሚጎተተውን ክብደት መዝኜ አውቄ ነው የፈለግኩት። ሲዬናዋን ከመሸጤ በፊት ግን በጣም የገረመኝን ነገር ላሳያችሁ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ማዕቀፉ ላይ የተለጠፈ ትንሽ ወረቀት አለ። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ ማለፍ የለበትም ይላል። የእኛዋ 1,155 ፓውንድ ይል ነበር። ተሳቢው ኳሷ ላይ የሚጭነው 190ም እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ተቀምጬ ደመርኩ። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ፣ በጋ ላይ ይመጣሉ ያልናቸው አባባም ሲጨመሩ 740። የጉዞ ዕቃና ምግብ 200። የመጎተቻው ብረት፣ እዚህ ሁላችንም ሂች የምንለው፣ 40። የተሳቢው ጫፍ 190። ድምሩ 1,170 ነው። ሲዬናዋ ገና ከግቢ ሳትወጣ ከልኳ አልፋለች። 3,500 ትጎትታለች የተባለችው መኪና፣ 2,260 ለመጎተት ቤተሰቤን ቤት ልተው ነው ማለት ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ቁጥር እንዴት እንደሚያወጡት ፈልጌ አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ ኤስኤኢ ጄ2807 የሚባል የጋራ መለኪያ አለ። ቶዮታ ከ2011 ሞዴሎቹ ጀምሮ ከሁሉም ቀድሞ ተቀበለው። ከፈተናዎቹ አንዱ አሪዞና ውስጥ ዴቪስ ዳም የተባለ ዳገት ነው። 11.4 ማይል ይረዝማል። መኪናው ተሳቢውን ይዞ፣ በበረሃ ሙቀት፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ተከፍቶ፣ ከተወሰነ ፍጥነት ሳይወርድ መውጣት አለበት። ከባድ ፈተና ነው፤ አምነዋለሁ። መኪናው ውስጥ ይቀመጣሉ ተብሎ የሚታሰቡት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ። ሦስት ልጅ የለም፣ አያት የለም፣ የድፎ ዳቦ ዕቃ የለም። ሆንዳ ይህን በግልጽ ይነግራችኋል። የፓይለት መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተሳፋሪ በጨመረ ቁጥር የሚጎተተው ክብደት እንደሚቀንስ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። ሁሉም ኩባንያ እንዲህ ቢያደርግ ምንኛ ጥሩ ነበር።

አውሮፓ ያላችሁ ወዳጆች፣ የእናንተ ሂሳብ ትንሽ ይለያል። ተሳቢ ይዛችሁ የምትነዱበት ፍጥነት ዝቅ ያለ ነው፤ ጀርመን ውስጥ መደበኛው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ተመሳሳይ መኪና ብዙ ጊዜ ከዚህ የበለጠ ክብደት ይፈቀድለታል። ግን መንጃ ፈቃዳችሁን አስቀድማችሁ እዩ። በቢ መንጃ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ የሚደርስ ተሳቢ ትጎትታላችሁ። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ መኪናውና ተሳቢው ተደምረው የሚፈቀድላቸው ክብደት ከ3,500 ኪሎ ማለፍ የለበትም። የእኔ ጀልባ እዚያ ብትሆን ሁለተኛው ሂሳብ ውስጥ ነበር የምትገባው።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። ወዳጆቼ በብዛት የሚጠይቁኝ ስለ ራቭ ፎር ነው። ጥሩ መኪና ነው። ከ2019 እስከ 2025 ባሉት ሞዴሎች መደበኛው ራቭ ፎር ግን የሚጎትተው 1,500 ፓውንድ ነው፤ ሃይብሪዱ 1,750። አድቬንቸርና ቲአርዲ ኦፍ ሮድ የሚባሉት ዓይነቶች ብቻ 3,500 ይደርሳሉ። ከውጭ ስታዩት መኪናው ያው ነው። ስለዚህ "ራቭ ፎር አለኝ፣ ይጎትታል?" ስትሉኝ መልስ የለኝም፤ የትኛው እንደሆነ ንገሩኝ። 12 ወይም 14 ጫማ የሆነች ቀላል ጀልባ ላለው፣ ሁለት ሆነው ለሚሄዱ፣ መደበኛውም ሊበቃ ይችላል። ለእኔ አይበቃም።

ፎር ራነር ልቤን ወስዶት ነበር። ከ2010 እስከ 2024 ያለው ሞዴል 5,000 ይጎትታል። አካሉ እንደ ፒክአፕ በሻንሲ ላይ የተጫነ ነው። ራምፕ ላይ እንደ ፍየል ይወጣል። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ጀልባዋ የምትወጣው በዓመት ምናልባት ሃያ ቀን ነው። የቀረውን ቀን ሁሉ መኪናው ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሥራ ይሄዳል። ለሃያ ቀን ብዬ ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል ቤንዚን ማቃጠል ከበደኝ። ታኮማም እንዲሁ። ጉልበቱ ከሚያስፈልገኝ በላይ ነው፣ ኋላ ወንበሩ ላይ ግን ሦስት ልጅ ለሦስት ሰዓት አይቀመጥም። ልጆቻችሁ አድገው ከወጡ ወይም ገና ካልወለዳችሁ፣ ታኮማን ያለ ማመንታት ግዙ እላችኋለሁ።

ጓደኛዬ ቴስላ ሞዴል ዋይ አለው። 3,500 ትጎትታለች። ጉልበቷ ግሩም ነው፣ ራምፕ ላይም ጸጥ ብላ ትወጣለች። ተሳቢ ስትይዝ ግን በአንድ ቻርጅ የምትሄደው ርቀት በጣም ያጥራል። ቻርጅ ማድረጊያዎቹም አብዛኞቹ ከነተሳቢው የሚገቡባቸው አይደሉም። መንገድ ላይ ተሳቢውን ፈትቶ፣ ቻርጅ አድርጎ፣ መልሶ ማሰር ነው። ለቅርብ ውሃ ይሁን፤ ለሩቅ አልመክርም።

በመጨረሻ ዓይኔ ያረፈው ሃይላንደር ላይ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ፎር ዊሉ። ሰባት ሰው ይይዛል፣ ለመጎተት የተዘጋጀው 5,000 ፓውንድ ይስባል። ፍለጋው ግን አንድ ትምህርት ሰጠኝ። አንድ ያገለገለ መኪና መሸጫ ሄድኩ። ሃይላንደር ቆሟል፣ ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ኋላው ላይ ትልቅ ሂች ታስሮበታል። ሂቹ ላይ 5,000 የሚል ተለጥፏል። ሻጩ "ይኸው፣ ጀልባህን ዛሬውኑ አስረህ ሂድ" አለኝ። ኮፈኑን አስከፍቼ አየሁ። ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ያ መኪና የሚጎትተው 1,500 ብቻ ነው። አንድ ሰው ሂች ገዝቶ በብሎን አስሮበታል እንጂ ስር ያለው መኪና አልተለወጠም። ሻጩ ይወቅ አይወቅ አላውቅም።

ስለዚህ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሂቹን አትመኑ። ሂቹ የራሱ ቁጥር አለው፣ ኳሷ አናቷ ላይ የተቀረጸ የራሷ ቁጥር አላት፣ መኪናው የራሱ አለው። ከሁሉም ትንሹ ነው የእናንተ ቁጥር። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት የሚያቀዘቅዝ ተጨማሪ ራዲያተር መኖሩን ጠይቁ። ተሳቢ ሲጎተት መጀመሪያ የሚጎዳው ካምቢዮ ነው። ዳገት ላይ ዘይቱ ይሞቃል፣ የሞቀ ዘይት ቶሎ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ ዘይት ካምቢዮውን ይበላዋል። እኔ በመጨረሻ የገዛሁት መኪና ላይ ከፋብሪካው የገባው ማቀዝቀዣ እንዳለ መካኒክ ስር ገብቶ በዓይኑ አይቶልኛል። በሩ ላይ ያለው ወረቀት 1,480 ይላል። ሁላችን ተሳፍረን፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ተሳቢው ታስሮ 300 ፓውንድ ገደማ ይተርፈኛል። ይህቺ ትርፍ ናት እንቅልፍ የሰጠችኝ።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልበል። እዚህ በብዙ ስቴቶች ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ የሚያስገድደው ከ3,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን ነው። የእኔ ከዚያ በታች ነው፣ ፍሬን የለውም። ያ ማለት 10 ኩንታሉን የሚያቆመው የመኪናዬ ፍሬን ብቻ ነው። ሕጋዊ ነው፤ ግን መኪናው ከጭነቱ በደንብ ካልከበደ እኔ አልሞክረውም። ጀልባችሁ ወደ 3,000 ከተጠጋች ሕጉን አትጠብቁ፤ ፍሬን አስገቡ። ለጀልባ ተሳቢ የሚስማማው ሰርጅ ብሬክ የሚሉት ነው። መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል፤ ግፊቱ ራሱ የተሳቢውን ፍሬን ይረግጠዋል። ውሃ የሚፈራ ኤሌክትሪክ የለውም።

አባባ በሐምሌ መጡ። ሃይላንደሩን ዞረው አዩት፤ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። ምንም አላሉም። ማታ ላይ ግን "ትርፍ ኩሽኔታ ይዘሃል?" ብለው ጠየቁኝ። የተሳቢው ጎማ ኩሽኔታ ማለታቸው ነው። አልያዝኩም። በማግስቱ ሄደን ገዛን፤ ግራሶም አብረን። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ወደ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ተነሳን። የሜሪላንድ ትልቁ ሐይቅ ነው፣ በ1920ዎቹ ግድብ ተሠርቶ የተፈጠረ፣ ምዕራብ ጫፍ ተራራው ላይ። ከእኛ ቤት ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ሃንኮክ ላይ ቆምን። ሜሪላንድ እዚያ ቦታ ላይ በጣም ትጠባለች፤ ከፔንሲልቬንያ ድንበር እስከ ፖቶማክ ወንዝ ሁለት ማይል አይሞላም። ከዚያ በኋላ ተራራው ይጀምራል። ልጆቹ ሽንት ቤት ሲሄዱ አባባ ወደ ኋላ ሄዱ። ተሳቢው ጎን ቁጢጥ አሉ። የእጃቸውን ጀርባ የቀኙ ጎማ መሐል ላይ፣ ኩሽኔታው ያለበት ላይ፣ አሳረፉ። አቆዩት። ተነሥተው ዞሩ። የግራው ላይ ሲያሳርፉ ወዲያው አነሱት።

"ና፣ ንካው" አሉኝ።

ያቃጥላል። የቀኙ ለብ ያለ ነው፣ የግራው ግን እንደ ጀበና ነው። ክሪኩን አወጣሁ። ጎማውን ፈትተን ክዳኑን ስንከፍት ውስጡ ያለው ግራሶ ነጥቷል። ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። ውሃ ገብቶበታል። ጀልባ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ረጅም መንገድ ሄዶ የጋለ ኩሽኔታ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ውሃውን በማኅተሙ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ራምፕ ላይ ስትደርሱ ተሳቢውን ወዲያው ውሃ ውስጥ አትክተቱት፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

አባባ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። 74 ዓመታቸው ነው። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውን ሲይዙ ግን አይንቀጠቀጥም። አዲሱን መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና ግራሶውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ፣ በአንድ ወገን እየገባ በሌላው እስኪወጣ ድረስ አስጎረሱት። ትልቁ ልጄ ስልኩን ኪሱ ከቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መንገድ ላይ ነበርን።

ሳይድሊንግ ሂል የሚባለው ተራራ መሐሉ ተቆርጦ ነው ሀይዌይ 68 የሚያልፍበት፤ የተቆረጠው ቋጥኝ ግራና ቀኝ እንደ ኬክ ተደራርቦ ይታያል። ዳገቱን ስንወጣ አባባ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ "በየትኛው ማርሽ ነው የወጣኸው?" አሉኝ። መኪናው አውቶማቲክ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ቁጥር ነገርኳቸው። "በወጣህበት ውረድ" አሉ። ማርሹን በእጄ አውርጄ ያዝኩት። ሞተሩ ጮኸ። መኪናው ግን በራሱ ያዘ። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ነካ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ አልረግጠውም። ከኋላዬ 10 ኩንታል እንዳለ ይሰማኛል፤ አይገፋኝም። ሲዬናዋን ይዤ ብመጣ ኖሮ ብዬ አሰብኩ፤ ከልኳ በላይ ተጭና፣ ፍሬኗ እየሸተተ።

አባባ ሙሉውን ቁልቁለት አልተናገሩም። ታች ስንደርስ ብቻ "ጣርማ በርን ስንወርድ እንዲህ ነበር" አሉ። ከዚያ ለልጆቹ ስለ ጣርማ በር ዋሻ፣ ስለ ጉሙ፣ ከጉሙ ውስጥ መብራቱን አብርቶ ስለሚመጣው መኪና ማውራት ጀመሩ። ባለቤቴ ወሬው ባማረበት ጊዜ ሁሉ "እሺ፣ ከዚያስ?" ትላለች። ዲፕ ክሪክ እስክንደርስ አላቆሙም።

ራምፑ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ እስኪወርድ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብቼ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ጀልባዋ ልትንሳፈፍ ስትል የእጅ ፍሬን ይዤ ወርጄ ገመዷን ልፈታ ነበር። በስፖኪዮ ሳይ አባባ ከኋላው ጎማ አጠገብ ቆመዋል። ከየት እንዳገኙት አላውቅም፣ እጃቸው ላይ የእንጨት ታኮ አለ። ጎንበስ ብለው ከጎማው ስር ሸጎጡት፣ በእግራቸው ጠበቅ አደረጉት። ሹፌር ከመሆናቸው በፊት አራት ዓመት ረዳት ነበሩ።

"ያዘ! ውረድ" አሉኝ።

ጀልባዋ ወጣች። ልጆቹ ገቡ፣ ባለቤቴ ገባች። እጄን ዘርግቼ "ይምጡ አባባ" አልኳቸው።

"ሂዱ እናንተ፤ መጀመሪያ ልጆቹን አዙራቸው" አሉ። "እኔ ተሳቢው ጋ እቆያለሁ።"